ስልካችሁ «አየሩ ጥሩ ነው» ሲላችሁ የማንን አየር ለክቶ ነው?

 

ባለፈው በጋ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ቤታቸው እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። ልጁ አስም አለበት፤ በአንድ ወር ውስጥ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ይሄ ሦስተኛው ነበር። የተለመደውን ጠየቅኩ። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ? የለም። ፓፉን በትክክል ይወስዳል? ይወስዳል። ጉንፋን ይዞት ነበር? አልያዘውም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የአየር ሁኔታ የሚናገረው አፕ ላይ «ነቀምቴ፣ የአየር ጥራት፦ ጥሩ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አለ።

«ዶክተር፣ አየሩ ጥሩ ነው እያለኝ ልጄ ለምን ይታፈናል?»

ልጁን አክመን ላክነው። ጥያቄዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ ስለሱ ነው የማወራችሁ፦ ስልካችን ላይ ስለምናየው ቁጥር፣ ሰዎች ቦርሳቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩት ትንሽ የአየር መለኪያ፣ እና ያ መለኪያ የሰፈራችንን መንገድ ለማስተካከል ሊረዳን ስለሚችልበት መንገድ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ስልካችን ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል?

ብዙዎቻችን ስልኩ ራሱ አየር የሚለካ ይመስለናል። አይለካም። እጃችን ላይ ያለው ስማርት ሰዓትም የልብ ምት ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የደም ኦክስጅን ይገምታል፤ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ጭስ ይኑር አዋራ ግን አያውቅም።

አፑ ቁጥሩን የሚያመጣው ከሁለት ቦታ ነው። በአቅራቢያ የመለኪያ ጣቢያ ካለ ከጣቢያው ይወስዳል። ከሌለ ደግሞ ከሳተላይት መረጃና ከኮምፒውተር ስሌት የተገኘ ግምት ያሳያችኋል። ከሚታወቁት የስሌት ምንጮች አንዱ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ነው። እሱ ዓለምን የሚከፋፍለው ጎናቸው ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ካሬዎች ነው። ይሄ ማለት የነቀምቴ መነኸሪያም፣ በዙሪያዋ ያለው የበቆሎ ማሳም፣ ጫካውም በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ ማለት ነው።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሰው ሲጠቅሰው የነበረው መለኪያ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቶ በ2025 ስርጭቱ ተቋርጧል። እሱም ቢሆን ከነቀምቴ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ስለዚህ ለዚያች እናት መልሱ ይሄ ነው፦ ስልኩ የተናገረው ስለ አካባቢው ሰማይ ነው። ስለ ልጇ አፍንጫ የሚያውቀው ነገር የለም።

የሚለካው ነገር ምንድን ነው?

የአየር ብክለት ሲባል ዋናው የምንፈራው ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። ዋነኛ ምንጩ የሚቃጠል ነገር ነው፦ ማገዶ፣ ከሰል፣ ናፍጣ፣ ቆሻሻ። በጣም ትንሽ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም። ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል፣ ከዚያም ደም ውስጥ ይደርሳል። አስም ያስነሳል፤ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች ዕድልን ይጨምራል፤ በአዋቂ ላይ ደግሞ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ መጠን በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ድርጅቱ እንደሚለው የውጭና የቤት ውስጥ የአየር ብክለት ተደምረው በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንዲሞት ምክንያት ይሆናሉ።

ከሱ ተለቅ የሚለው ፒኤም 10 ይባላል። ከመንገድ የሚነሳው ቀይ አዋራችን አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው፤ እንዲያውም ከዚህም የሚበልጥ አለው። አፍንጫ፣ ጉሮሮና የላይኛውን የአየር ቧንቧ ይቆጣል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ለሌሊት ሳል በቂ ምክንያት ነው።

አንድ ሳምንት ሴንሰር አንጠልጥዬ ዞርኩ

አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሚለበስ የአየር መለኪያ አዋሰኝ። ከመዳፍ ያንሳል። ቦርሳ ላይ ይንጠለጠላል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ የት ቦታ በስንት ሰዓት ምን እንደተነፈሳችሁ በመስመር ይስላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ ማራገቢያ አየር ትስባለች። አየሩ በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋል። ብናኝ ካለ ብርሃኑ ይበተናል፤ የተበተነውን ብርሃን አንድ ትንሽ ዓይን ይቆጥረዋል። በር በከፈትን ጊዜ በገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ አዋራ ሲንሳፈፍ አይታችሁ የለ? እሱው ነው።

እኔ ጥፋተኛውን አስቀድሜ አውቄ ነበር የጀመርኩት፤ መንገዱ ነው ብዬ። ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል መጥቶ ወደ ጊምቢና ወደ አሶሳ የሚቀጥለው የጭነት መኪና ሁሉ በከተማችን ነው የሚያልፈው። ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ በበጋ አንድ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አዋራው ቤት ድረስ ይገባል። ጥርሴ ላይ አሸዋ እየተሰማኝ ሥራ ገባሁና መስመሩን ከፈትኩ። ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ እንደጠበቅኩት አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ቡና ሊፈላ ነው። ከሰሉ ተያያዘ፣ ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑ ተጨሰ፣ ዝናብ ስለጣለ መስኮቱ ተዘግቷል። ሴንሰሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማታ ሳየው የሳምንቱ ከፍተኛው መስመር እሱ ሆኖ ተገኘ። ከመንገዱ ሁሉ በላይ። ሰው ሁሉ «ጭስ አትጠጉ» የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ!

ነገሩ የኔ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በአሥር ቤቶች፣ በቡና ሥነ ሥርዓት ወቅት፣ ቡና የምታፈላው ሴት የምትተነፍሰውን አየር ለክቶ ነበር። ቡናው ብቻውን በ24 ሰዓት አማካይዋ ላይ የጨመረው ብናኝ በጂኦሜትሪክ አማካይ 57 ማይክሮግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ ለቀኑ በሙሉ ያስቀመጠው ገደብ 25 ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በሁሉም ቤቶች ማለት ይቻላል ከአንድ ሰዓት ገደቡ አልፎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባ ችምችም ብለው በተሠሩ ሰፈሮች 59 ቤቶችን ለክቶ የ24 ሰዓት አማካዩን 818 ማይክሮግራም አካባቢ አግኝቶታል። የዛሬው ገደብ 15 መሆኑን አትርሱ።

እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ «ዶክተሩ ቡና ከለከለ» እንዳትሉ። ወለጋ ተቀምጦ ቡና የሚከለክል ሰው የለም። መስኮት ክፈቱ፣ ከሰሉን ውጭ አያይዙና ጭሱ ሲያልፍ አስገቡ፣ የሚቆላውን በረንዳ ላይ ቁሉ፣ ዕጣኑን ቀንሱ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ከምድጃው ትራቅ። ይሄ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው።

ግን ቆይ፣ መንገዱ ነፃ ወጣ ማለት ነው?

እዚህ ጋ ነው ልሳሳት የነበረው። «የመንገዱ አዋራ ችግር አይደለም፣ ችግሩ ኩሽና ነው» ብዬ ልጽፍላችሁ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ የመሣሪያውን ጠባይ ሳነብ ነገሩ ሌላ ሆነ።

እነዚህ ርካሽ የሌዘር ሴንሰሮች ደቃቁን ጭስ ጥሩ አድርገው ያያሉ። ተለቅ ያለውን የመንገድ አዋራ ግን አብዛኛውን ያመልጣቸዋል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ውስጥ ሳይሳብ ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያው «አዋራ የለም» ሲል «አላየሁም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጥርሴ ላይ የነበረው አሸዋ ግን እውነት ነበር!

ሁለተኛው ድክመቱ እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ነቀምቴ ጉም ስትለብስ ብናኙ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ መሣሪያው ጉሙን ጭስ አድርጎ ይቆጥረዋል። በጠዋት ጉም የተለካ ቁጥር ይዞ «ከተማችን ተመረዘች» ማለት ስህተት ነው።

ለዚህ ነው መለኪያ ያለ ሰው ምስክርነት ጎዶሎ የሚሆነው። የልጁ ሳል፣ የእናቱ ትዝብት፣ የባጃጅ ሾፌሩ የቀላ ዓይን፣ እነዚህ ሁሉ መረጃ ናቸው። ሴንሰሩ ከነሱ ጋር ሲቀመጥ ነው ሙሉ የሚሆነው።

ይሄ ከከተማ ፕላን ጋር ምን አገናኘው?

ከሰሉን በረንዳ ላይ ማውጣት የኔ ሥራ ነው። የትምህርት ቤቱ በር በየትኛው መንገድ ይሁን፣ የባጃጅ መቆሚያው የት ይሁን፣ ኮብልስቶኑ ከየት ይጀምር፣ ከባድ መኪና በስንት ሰዓት ይለፍ፣ ቆሻሻ የት ይጣል የሚለውን ግን ብቻዬን አልወስንም። ይሄ የከተማ ፕላን ነው። የሳንባችን ግማሽ ጉዳይ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚወሰነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ውስጥ ከአምስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 250 ልጆች ሴንሰር የተገጠመለት ቦርሳ አዝለው ነበር ትምህርት ቤት የሚመላለሱት። ልጆቹ በመንገድ ላይ የሚተነፍሱት የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ሆነው ከሚተነፍሱት በአምስት እጥፍ በልጦ ተገኘ። በዋናው ጎዳና ሳይሆን በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሄዱት ደግሞ የተነፈሱት ያነሰ ነበር። ተመልከቱ፣ ይሄን አንድ ቦታ የተተከለ ጣቢያ ሊያገኘው አይችልም፤ ከልጁ ጋር የተጓዘ መለኪያ ነው ያገኘው።

ወደኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ካምፓላ ነው። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኤርኮ በሚባል ፕሮጀክት ለኛው ዓይነት አዋራና ሙቀት የሚሆን መለኪያ ራሳቸው እየሠሩ በከተማው ተክለዋል። አንዳንዱን የገጠሙት ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ነው። ሞተሩ በዋለበት ሁሉ መለኪያውም አብሮ ይውላል። የኛ ባጃጆችስ? በቀን ከተማውን ስንት ጊዜ ነው የሚያካልሉት?

መብቱም አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም የሕዝብ ተሳትፎን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። በየከተማው መንገድ እየፈረሰና እየተሠራ ባለበት በዚህ ጊዜ ሐሳብ መስጠት ያለብን ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

በሰፈራችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

1. አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ። «አየሩ መጥፎ ነው» ማለት ለማንም አይጠቅምም። «ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አዋራው የሚበረታው የት ጋ፣ በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጀምሩ።

2. ሴንሰር ካገኛችሁ ለአንድ ሰው አታድርጉት፤ ተራ ግቡ። በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለኩ። ሁለት መሣሪያ ካለ መጀመሪያ አንድ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና ተመሳሳይ ነገር ማንበባቸውን እዩ። የጉም ቀንን ለይታችሁ ጻፉ።

3. ሴንሰር ከሌለ ስልካችሁና አንድ ደብተር ይበቃሉ። በጠዋት፣ በቀትርና በማታ ለ15 ደቂቃ የሚያልፈውን ከባድ መኪናና ባጃጅ ቁጠሩ። አዋራው ሲነሳ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፤ ስልኩ ሰዓቱን ይይዝላችኋል።

4. ሕመሙን መዝግቡ። ቀን፣ የት እንደዋለ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደነደደ፣ ሌሊት ሳለ ወይስ አልሳለም። ይሄ ደብተር ለኛ ለሐኪሞችም ወርቅ ነው፤ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ።

5. ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አውጡት። ቀላል ካርታ፣ ሦስት ወይም አራት ቁጥር፣ ሁለት ፎቶ። ከዚያ የሚቻል ነገር ጠይቁ፦ በትምህርት ቤቱ ፊት ያለው መንገድ ቅድሚያ ይነጠፍ፣ እስከዚያው በበጋ ውሃ ይረጭ፣ ከባድ መኪና ልጆች በሚወጡበት ሰዓት አይለፍ፣ በመንገዱ ዳር ዛፍ ይተከል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይደፋ ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ አፈሩንና ውሃውን ይበክላል። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው፤ ስሙን እናስታውስ።

6. በቃል ብቻ አትመለሱ። በጽሑፍ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡና የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ያዙ። የፕላን ውይይት ሲጠራም ቅጂውን ይዛችሁ ግቡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

የመጀመሪያው ስለ ግላዊነት ነው። የሚለበስ ሴንሰር የት እንደምትውሉና የት እንደምታድሩ በጂፒኤስ ይመዘግባል። መረጃውን ለሌላ ስታጋሩ የቤታችሁን አካባቢና የልጆቻችሁን ስም አውጡለት። ስክሪን ሾት ከመለጠፋችሁ በፊት ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ እዩ።

ሁለተኛው፣ ሴንሰር ሐኪም አይደለም። ቁጥሩ አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ መድኃኒት አታቁሙ። ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ፓፉን ወስዶም ካልተሻለው፣ ምንም ሳትለኩ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነድዶ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለው ወይም ከደነዘዘ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከሰል አንድዶ መተኛት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ወደ ልጁ ልመልሳችሁ

እናቱን ለሁለት ሳምንት ደብተር እንድትይዝ ነገርኳት። ይዛ መጣች። የሳለባቸው ሌሊቶች ከሁለት ነገር ጋር ይገጥማሉ፦ ከትምህርት ቤት በአዋራማው መንገድ በእግሩ ከተመለሰባቸው ቀናት፣ እና ማታ ቡና ተፈልቶ በሩ ከተዘጋባቸው ቀናት። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገጥሙ ሌሊቱ ይከፋል። ፓፉን ሲወስድም አየሁት፤ አብዛኛው መድኃኒት አፉ ውስጥ ነበር የሚቀረው። በስፔሰር እንዲወስድ አደረግን፣ በየቀኑ የሚወሰደውን መከላከያ መድኃኒት ጨመርንለት፣ ቡናው ወደ በረንዳ ወጣ፣ ልጁም በውስጥ ለውስጥ መንገድ መመለስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ በሌሊት አላየሁትም። በቀን፣ ለቀጠሮው ነው የሚመጣው።

መንገዱ ግን እንዳለ ነው። በዚያው መንገድ የሚመላለሱ ሌሎች ልጆች አሉ፤ ለሁሉም በየቤቱ ፓፍ ማዘዝ መፍትሔ አይሆንም። እናትየው ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና አንድ ገጹን አዘጋጅታለች። ካርታውን የሳለው የሰፈሩ ባጃጅ ሾፌር ነው። ደብዳቤው ገብቷል፣ ቁጥሩም ደብተሯ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ስትመጣ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አፑ አሁንም «ጥሩ» ይላል። ሳቀችና፣ «እሱ ይበል ዶክተር፣ እኛ የራሳችንን ጽፈናል» አለችኝ።

ልጅ ላለው ለምታውቁት ሰው ሁሉ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!